ዓሣ የሚጠበቅበት አገር

የሻላ ፔሊካኖች ከጥንት ጀምሮ ቤታቸው ሌላ፣ ማዕዳቸው ሌላ ነበር። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሻላ ሐይቅ መሀል ባለች ድንጋያማ ደሴት ላይ ነው፤ ጅብም ቀበሮም አይደርስባትም። ሐይቁ ግን ከ260 ሜትር በላይ ጠልቆ፣ ግርማ እንጂ ቀለብ የሌለው ነው። ለጫጩት መክሰስ የሚሆን ዓሣ እንኳ ከእሱ ማግኘት ጭንቅ ነው። (እንዲህ ያለ ባላባት በየአገሩ አይጠፋም።) ዓሣው ያለው ከኮረብታው ማዶ፣ አቢያታ ነበር።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ይጠብቃሉ። ፔሊካን ከባድ ነው፤ ክንፉን እያማታ ብቻ ሩቅ አይዘልቅም። ከመሬት የሚነሣውን ሙቅ አየር እየዞረ ይወጣበታል፤ ከዚያ ተንሸራቶ ማዶ ይወርዳል። አቢያታ ላይም ብቻውን የሚያድን የለም። አሥርም ሃያም ሆነው እንደ ማጭድ ይሰለፋሉ፤ ዓሣውን ቀስ እያሉ ወደ ዳር፣ ውሃው ወደሚሳሳበት ይነዱታል፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አንገቱን ይደፋል። “አሁን!” የሚሉት አሮጊቷ ፔሊካን፣ እማማ ዘርፌ ነበሩ። ከእሳቸው ቃል ቀድሞ አንገቱን የደፋ ጎረምሳ ዓሣውን ያስበረግጋልና፣ ያን ቀን ማታ አጠገቡ የሚያድር አይገኝም።

አቢያታ መሸሽ ሲጀምር መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ዳሩ ወደ መሀል ገባ፤ ቀድሞ የሚዋኙበት ቦታ ነጭ ጭቃ ሆነ፤ የቀረው ውሃ ጨዉ እየበረታ ሄደ። በመጨረሻ ዓሣቸው፣ ቆሮሶው፣ አለቀ።

ፔሊካኖቹ ለስብሰባ ተቀመጡ። እንደ ስብሰባ ሁሉ መጀመሪያ የተፈለገው ጥፋተኛ ነበር። ፍላሚንጎዎቹ ናቸው ተባለ፤ እነሱ አልከሱማ።

“እኛ የምንበላው አልጌ ነው፤ ዓሣችሁን ቀምሰንም አናውቅ” አሉ ፍላሚንጎዎቹ፣ የታጠፈ እግራቸውን ሳያወርዱ። እውነታቸውን ነው። ግን የጠገበ እውነት ሲናገር ለተራበ ጆሮ ስድብ ነው የሚመስለው።

በዚህ መሀል ጎበዜ የሚባለው ጎረምሳ ከሦስት ቀን መጥፋት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ መጣ። “ዝዋይ ነበርኩ” አለ። “ቆሮሶ በሉ፣ ዓምባዛ በሉ፣ የሌለ የለም። ዓሣው ራሱ ከውሃ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃችኋል።”

“ማን ነው ያጋደመው ልጄ?” አሉ እማማ ዘርፌ።

“ሰው ነዋ እማማ።”

“ለማን?”

ጎበዜ ይህን አላሰበበትም ነበር። ያሰበበትም አልነበረም፤ ተነሡ።

መንገዱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዝዋይ ወጥቶ አቢያታን የሚያጠጣውን የቡልቡላን ወንዝ ወደ ላይ መከተል ነው። ወጣቶቹ ፊት ፊታቸውን አዩ። እማማ ዘርፌ ግን ቁልቁል አዩ። ከመነሻው አቢያታ ዳር ፋብሪካ አለ፤ የሐይቁን ውሃ ወደ ገንዳ ስቦ ለፀሐይ እያሰጣ ሶዳ አሽ ያወጣበታል። ከዚያ ወዲያ በወንዙ ግራና ቀኝ የውሃ ሞተር ይንዶቀዶቃል፤ ከሞተሩ ጀርባ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምልሟል። ወደ ላይ በበረሩ ቁጥር ወንዙ እየወፈረ ሄደ። አሮጊቷ ወንዙን ከጭራው ወደ ራሱ እያነበቡት ነው፤ ሲያነቡት ነገሩ ገባቸው። የሚሄዱት አቢያታን ወደ ጠጣው አገር ነው።

ምንም አላሉም። ከኋላቸው የተራበ ሕዝብ እየበረረ ነው፤ ምን ይበሉ?

ዝዋይ፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዳር ላይ አባ ኮዳ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ራሰ በራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆመዋል። የአገሩ ነዋሪ ነኝ ይላሉ፤ ከፔሊካኖቹ ሁለት ዓመት ቀድመው መጥተዋል፤ ያው ነው።

“አባባ፣ እዚህ እንዴት ነው የሚታደነው?” ብሎ ጠየቀ አንዱ።

“አይታደንም ልጄ፤ ይጠበቃል። ባለቢላዋው ፊሌቶውን ለሆቴል ያወጣል፤ ራሱና አንጀቱ የእኛ ነው። ባለቢላዋውን አታስቀይም። ቱሪስት ሲመጣ አፍህን ከፍተህ ቁም፤ ፎቶ ይወዳሉ። ደግሞ ከእኔ ፊት እንዳትቆም።”

የገቡት ሁዳዴ ላይ ነበርና የአባ ኮዳ ምክር ሠመረላቸው። ዓሣ የሚፈለገው በጾም ነው። ጀልባው ሳያቋርጥ ይገባል፤ ቢላዋው አያርፍም፤ የሚጣለው ለአባ ኮዳም ለእንግዳውም ተረፈ። ሰው በጾመ እነሱ ወፈሩ። ጎበዜ እንደ ነቢይ ተቆጠረ።

ደሴቷ ላይ የቀሩት ጫጩቶችስ? አልተረሱም፤ ወላጆቻቸው በየተራ ያገኙትን በሆዳቸው ቋጥረው ያን ሁሉ መንገድ ይመላለሳሉ። ከጫጩቶቹ መንገዱን መጠበቅ ያልቻሉ አሉ። የቻሉት ደግሞ ከወላጆቻቸው ጉሮሮ ውስጥ የሚያገኙት ሁልጊዜ ራስና አንጀት ነውና፣ ዓሣ ማለት እሱ ብቻ ነው ብለው አደጉ። አንዷ ክንፏ ጠንክሮ ዝዋይ የገባች ቀን፣ በመረብ የተያዘ ሙሉ ቆሮሶ ሲወራጭ አይታ፣ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች። ሳቁባት። እማማ ዘርፌ ግን አልሳቁም።

ፋሲካ ነጋ። ፔሊካኖቹ እንደ ልማዳቸው ዳሩ ላይ ተሰለፉ። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጎትተው እንደተገለበጡ ናቸው። ጠረጴዛው ደርቋል። ከመንደሩ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል፤ ፔሊካን በዶሮ ወጥ ምን ያደርጋል! እኩለ ቀን ሆነ። አባ ኮዳ ወደ ቄራው ሄዱ፤ ለእሳቸው ፋሲካም ፋሲካ ነው።

“በሉ ውሃ ግቡ” አሉ እማማ ዘርፌ።

ሃያ ያህል ሆነው ገቡ። አሮጌዎቹ ሳይነገራቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ወጣቶቹ ግን ማጭዱን አያውቁትም፤ ገሚሱ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ ይዋኛል፤ ገሚሱ ሌላው በሚሄድበት ይከተላል። የማጭዱ መሀል ክፍት ሆነ። ከሥራቸው ዓሣ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ውሃው ይርገበገባል። ነዱት፤ በክፍቱ በኩል ሾልኮ አመለጠ። ደግመው ነዱት፤ ደግሞ አመለጠ።

“ጎበዜ፣ እዚህ ጋ ቁም” አሉት፣ ክፍቱን በምንቃራቸው እያሳዩ። “ወደ ግራ ወደ ቀኝ አትበል። አሁን እስክል አንገትህን አትድፋ።”

መጣ፣ ቆመ። ትንሿም ጫጩት አጠገቡ ገባች። ማጭዱ ገጠመ ማለት ይቻላል። ቀስ ብለው ወደ ዳር መግፋት ጀመሩ፤ ውሃው ሳሳ፤ የዓሣው ጀርባ እዚህም እዚያም ብልጭ አለ። እማማ ዘርፌ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

ከዳሩ ላይ፣ አንድ ሰው ቢላዋ በድንጋይ ሲስል ተሰማ።

ሃያ አንገት ባንዴ ወደዚያ ዞረ። የእማማ ዘርፌም ጭምር።