ማንም እንዳያውቅህ ሆነህ ተነሳ

ለመተዋወቂያ አፕ የምትለጥፈውን ፎቶ ስትነሳ ሰዓቱን በመምረጥ ጀምር። ከቀኑ 6 ሰዓት ይሁን፣ ደመና የሌለበት እሑድ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከሆነማ ከዚያ የተሻለ የለም፤ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ለአዲስ አበባ ሰው ልክ አናቱ ላይ ነው የምትቆመው። ብርሃኑ ቁልቁል ሲወርድብህ ግንባርህና የአፍንጫህ ጫፍ ያብለጨልጫሉ፣ ዓይኖችህ ሁለት ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ከአገጭህ ሥር ጥላ እንደ ጢም ይንጠለጠላል። የ28 ዓመቱ ልጅ የ45 ዓመት አባወራ መስሎ ይወጣል። ነሐሴ ማለቂያ ላይም ፀሐይ እንደገና አናትህ ላይ ትመጣለች፤ ያን ግን አትመነው። ክረምት ነው፣ ደመና ይከልላትና ብርሃኑን አለስልሶ ፊትህን ያሳምርብሃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወይም ወደ ማታ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከቤት እንዳትወጣ። ያን ጊዜ ፀሐይ ከጎን ናት፤ ወርቅማ፣ ለስላሳ፣ ዓይን ውስጥ ገብታ ብልጭ የምትል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ነው የምትጠልቀው፤ ያቺ ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ታልፋለች። 15 ዓመት ሰርግ ሳነሳ የኖርኩት ያቺን ሰዓት እየተሻማሁ ነው፤ ሙሽሮቹን ከሚዜዎቹ እየነጠቅሁ፣ ከቪዲዮ ቀራጩ ጋር እየተጨቃጨቅሁ። አንተ በነጻ የምታገኛትን ብርሃን ተኝተህ አሳልፋት።

ቀጥሎ መነጽር። ጥቁር፣ ትልቅ፣ በተለይ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ዓይነት። እሱ ከሆነ ባንተ ዓይን ፋንታ ስልክ የያዘው ጓደኛህ ጎንበስ ብሎ ይታያል። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ አድርገህ እንዳትተወው፣ በሁሉም ላይ። በላዩም ኮፍያ ድፋበት።

ይህን ነጥብ ዝም ብዬ አላልፈውም። ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ በአፕ ከተዋወቀችው ልጅ ጋር ሦስት ሳምንት ስትጻጻፍ ቆይታ ቦሌ አንድ ካፌ ተቀጣጠሩ። ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እስክትጨርስ መኪና ውስጥ ጠበቅኋት። ግማሽ ሰዓት አልፎ ደውላ ‘አልመጣም’ ስትለኝ ገባሁ። ማኪያቶዋ አልቆ አረፋው ብርጭቆው ላይ ደርቋል፣ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ብቻውን ተቀምጦ በሩን በሩን ያያል። እሷም በሩን በሩን ታያለች። ‘እስቲ ደውዪለት’ አልኳት። ደወለች። ስልኩ የጮኸው ክንዷ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

ተሳሳቁ፣ ግን ሳቁ ለሁለቱም አልጣማቸውም። እንዲያው ለይሉኝታ ትንሽ አወሩና ተለያዩ፣ በዚያው ቀሩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም ካለች በኋላ ‘ዓይኖቹ ግን ያምራሉ’ አለችኝ። 6 ፎቶ ለጥፎ በሁሉም የሸፈነው እነሱን ነው። እሱስ ለምን አላወቃትም የሚል ካለ፣ ወደሷም እመጣለሁ።

አሁን ወደ መኪና እንምጣ፤ እዚህ ብዙ ሥራ አለ። የራስህ ቪትዝ ካለህ ራቅ አድርገህ አቁማት። እንጦጦ ፓርክ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር አንድ ሪዞርት ሂድና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ትልቁን ላንድክሩዘር ፈልግ። ጊዜህ ሾፌሩ ምሳውን እስኪጨርስ ነው፣ ፍጠን። አንድ እግርህን ጎማው ላይ ስቀል፣ ክርንህን ኮፈኑ ላይ አስደግፍ፣ የቤትህን ቁልፍ እንደ መኪና ቁልፍ ጣትህ ላይ አንጠልጥል። ታርጋውን ሸፍን፤ ካልሸፈንከው ልጅቷ ኮድ 4 መሆኑን አይታ የመንግሥት መኪና ላይ እንደተደገፍክ ታውቅብሃለች።

ጓደኛህ መኪናው ከፊት መብራቱ እስከ ጭራው መግባቱን ያረጋግጥ። ለዚህ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፤ በሸሸ ቁጥር ፊትህ ያንሳል። እኔ ለደላሎች የሚሸጥ መኪና አንስቼ አውቃለሁ፣ እንደዚሁ ነው የሚነሳው። አንተ እዚያ ፎቶ ላይ የቆምከው የመኪናው ቁመት እንዲታወቅ ነው።

አንዱም እንዳይቀርህ፤ በግራ በር በኩል አንድ፣ በቀኝ በር በኩል አንድ፣ የበሩን እጀታ ይዘህ ልትገባ ስትል አንድ፣ መስታወቱ ላይ ክንድህን አስደግፈህ አንድ።

ቆይ ግን፣ ልጅቷ የምታገኘው ሰው ነው ወይስ መኪና? መኪናውን ብላ ብትመጣስ፣ ነገ በሚኒባስ ተጋፍተህ ስትደርስ ምን ልትላት ነው? ‘ጋራዥ ገብቶ ነው’? ስንቱ መኪና ነው ጋራዥ ገብቶ ያልወጣው! በሐሰት የጀመርከውን በምን ልትቀጥለው ነው? በላብህ የገዛሃት ቪትዝ ምን አደረገችህ?

እሺ፣ ወደ ምክሩ። ውጭ አገር ያለኸው ወንድሜም መላው አይጠፋህም። ዱባይ ከሆንክ ቡርጅ ካሊፋ ሙሉ በሙሉ ካልገባ ፎቶ ብለህ አትቁጠረው። ሕንጻው 828 ሜትር ነው፣ አንተ 1 ሜትር ከ75። እሱ እስከ ጫፉ እንዲገባ ብለህ ስትርቅ አንተ ሰሊጥ ታክላለህ። ዋሽንግተን ከሆንክ ደግሞ የቼሪ ዛፎቹ ሲያብቡ ጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው። ዛፎቹ ባሉበት ታይዳል ቤዝን ዳር ሕዝብ በሚጋፋበት ቅዳሜ ሄደህ መሃል ግባ፣ የትኛው እንደሆንክ ራሷ ትፈልግ።

የቡድን ፎቶውን መጀመሪያ ላይ አድርገው። አምስት ሁኑ፣ ሁላችሁም ጥቁር ቲሸርት። ከድሮዋ ፍቅረኛህ ጋር የተነሳኸውንም አትጣለው፤ እሷን ቆርጠህ አውጣ፣ ትከሻህ ላይ ያረፉትን አራት ቀይ ጥፍሮች አስቀር።

ተራራ አናት ላይ ከደረስክ ጀርባህን ስጥ። ሰሜን ተራሮች ድረስ ደክመህ ሄደህ ልጅቷ ማጅራትህን አጥንታ ትቅር።

መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው ውስጥ ግባና ተጋደም። አደይ የምትፈካው በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሳምንት ነው፣ እንዳታመልጥህ። ለመድረስ የገበሬውን ጤፍ መርገጥ ካስፈለገ ርገጥ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ስድስት ወጣቶች ማሳ አቋርጠው አበባው ጋ ሄዱ። ባለቤቱ ዱላውን ተደግፎ ከዳር ቆሞ አንድ ቃል ሳይናገር ያያቸዋል። ያለፉበት ቦታ አረንጓዴው ላይ እንደ ጅራፍ ሰንበር ተጋድሞ ቀረ። ነውር ነው! ለፍቅር ፎቶ ቀርቶ ለሰርግም ቢሆን ነውር ነው። የሰው ዓመት ሙሉ እንጀራ ነው የረገጣችሁት። ደግሞም ምንም አያስፈልግም ነበር፤ ዳር ካሉት ጥቂት አበቦች ጀርባ ቁም፣ የሚያነሳህ ሰው ቁጢጥ ብሎ ስልኩን አበባዎቹ ጋ ያስጠጋ፣ ፎቶው ላይ ሙሉ መስክ መሃል የቆምክ ትመስላለህ። እኔ ሙሽሮችን የማነሳው እንደዚያ ነው፣ ያውም ባለማሳውን አስፈቅጄ።

ስለ መልክ ደግሞ። ደማቅ ሰማይ ኋላህ አድርገህ ቁም። ስልኩ ያን ሁሉ ብርሃን ሲያይ ጠቅላላውን ያጨልመዋል፣ ፊትህም ከሰል ሆኖ ይቀራል። ጓደኛህ ስክሪኑ ላይ ፊትህን በጣቱ እንዳይነካ፤ ከነካው ስልኩ ብርሃኑን በፊትህ ይመዝናል። ብዙ ስልኮች ላይ አጠገቡ ብቅ የምትለውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ከገፋት ደግሞ መልክህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህ እንዳይሆን። ፊትህን ካጨለምከው በኋላ ፊልተር ግባና አንጣው።

እህቴ የወደቀችው እዚህ ላይ ነው። ጠይም ናት። ልጅ ሳለች ከደረጃ ወድቃ ያገኘችው ጠባሳ ግንባሯ ላይ አለ። ፊልተሩ ጠባሳውን አጠፋ፣ አፍንጫዋን አቀጠነ፣ ዓይኗን አሰፋ፣ ቆዳዋን እንደ ግድግዳ ለሰነ። ያ ምስኪን ልጅ በየት በኩል ሊያውቃት ነበር?

አንቺም ስሚኝ። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያዎች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ ካርዱም በስሟ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። የሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ልክ ነው ተባለ ማለት ነው። የጥቁር ሰው ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ሲታተም ጥፋቱ የመልኩ እንጂ የፊልሙ አይመስልም ነበር። ያ አልፎ ዛሬ ኪስሽ ውስጥ ያለው ስልክ ጠይም ፊት አጥርቶ ያነሳል፤ አንቺ በገዛ እጅሽ ወደ ሸርሊ ትመለሻለሽ? አማርኛ ለመልክ ስንት ስም አለው! ጠይም፣ ጥቁር፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ። ፊልተሩ የሚያውቀው አንድ ቀለም ነው፣ ኖራ።

ካፌ በሄድን ማግስት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢያችን ውስጥ ቡና ዛፉ አጠገብ አቆምኳት። ሁለት ሜትር ያህል ራቅሁ፣ የካሜራውን ዙም ሁለት እጥፍ ላይ አደረግሁ፣ ፊቷን ነካሁ፣ ‘እማዬ ቡናውን አሳረረችው’ አልኳትና ሳቀች። በቃ። ጠባሳዋም ጠይምነቷም እዚያው ነበሩ።

ይህን ግን አንተ እንዳትሞክር። አንተ ስልክህን ራስህ ያዝ፣ ክንድህን አጠፍ አድርገህ ከአገጭህ በታች አስጠጋው። ካሜራ ሲቀርብ ቅርቡን ያተልቃል፣ አፍንጫህ ከፊትህ ሁሉ ቀድማ ትወጣለች፤ ከታች ስለሆነም ቀዳዳዎቿ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከዚያም ላይ የ2008 የምርቃት ፎቶህን ጨምርበት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ መነጽሩን አድርገህ፣ ኮፍያውን ደፍተህ ሂድ። ካፌው ውስጥ ብትገባም፣ ቢጨልምም፣ አስተናጋጁ ቢያይህም እንዳታወልቀው። ልጅቷ የምትለይህበት ሌላ ምልክት አልሰጠሃትም።