ገዳዩን ቆሎ ጠቀለሉበት

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ መገናኛ፣ የአያት ታክሲ ሰልፍ። የሰልፉ ጭራ የት እንዳለ የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ብቻ ነው፤ እሱም አይናገርም። መጽሐፍ አዟሪው ከእምብርቱ እስከ አገጩ ደርድሮ፣ እንዳይወድቅበት የላይኛውን በአገጩ ተጭኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ልብ አንጠልጣይ አለ!»

«ልጄ፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ያልተንጠለጠለ ምን አለንና? ልባችንን እንኳ ተወው።»

ከፊቴ የቆሙት፣ ከሾላ ገበያ የሸመቱትን በፌስታል የያዙ እናት አንዱን መዘዙ። ሽፋኑ ላይ ደም የነካው ጩቤ አለ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ገዳዩ ማን እንደሆነ ንገረኝና ልግዛው» አሉ።

«እትዬ፣ ሽሮ ሲገዙ ወጡን ቀምሰው ነው?»

«አዎ ቀምሼ ነው! ባለፈው አንዱ እስከ መጨረሻው አንከራቶኝ፣ ገዳዩ ከዚያ በፊት ስሙም ያልተነሳ ዘበኛ ሆኖ አገኘሁት። ዘበኛ! ቤቱን ሲጠብቅ የኖረውን ሰው!»

እኚህን እናት ሃያሲ ያድርግልን። መጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ ማንበብ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሠርግ ተጠርቶ ፍቺው መቼ ነው ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ይህን ስል በቂም ነው የምናገረው። በተማሪነቴ መጽሐፍ በሳንቲም ነበር የምንከራየው፤ ለአንድ ሌሊት፣ በነጋታው መልስ። አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ተከራይቼ ኩራዝ ሥር ነጋብኝ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣቱን ቀሰረ... ቅጠሉ የለም! ተገንጥሏል። ሲነጋ ወደ አከራዩ ሮጥኩ። «ቆሎ ሻጯን ጠይቃት» አለኝ። ሄድኩ። ቆሎ ሻጯ እያዘነችልኝ፣ «ገዳዩን አላየሁትም፤ ሽምብራ ግን ነበረበት» አለች።

የዚያ ሰው ነፍስ እስከ ዛሬ ፍትሕ አላገኘችም።

ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት አንዱን ጆሮ ነፃ አወጣና ገባበት። «የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ አይመቸኝም፤ ይጋነናል። ዴርቶጋዳን አየኸው? ሲአይኤና ሞሳድ ጣና ገዳም ድረስ! ማን ያምናል?»

ይህን ሲል ወያላው ከወዲያ ጮኸ። «አያት! አያት! ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!»

ወጣታችን ሰልፉን ጥሶ በረረ። ደርሶ ሲያይ ታክሲው ውስጥ ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ ቢመለስ፣ ተራውም ሄዷል።

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «ይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳን ያሳተመው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ አንተም እስከ ዛሬ አላመንከውም። ይኼኛው ደራሲ ግን በየአሥር ደቂቃው ያንኑ ልብ ወለድ ያሳትማል፣ አንተም በየአሥር ደቂቃው ታምነዋለህ።» ማዳመጫውን መልሶ ሰካ። ልክ ነው ያልኩት፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ዴርቶጋዳ አንዳንድ ቦታ እሳት ከሚተፋው ድርጊት ፍጥነት የተነሣ ሰዎቹ ፊት ያጣሉ። ያም ሆኖ መጽሐፍ አንብቦ የማያውቀውን ወጣት መጽሐፍ ያስያዘ መጽሐፍ ነው። ፊት ላጡት ገጸ ባሕርያት በዚህ ክሷል።

ከረባት ያሰሩ ጎልማሳ ደግሞ ትዕግሥታቸው አለቀ። «መጀመሪያ ነገር፣ መርማሪ ምናምን የሚባለው ታሪክ የኛ አይደለም። የፈረንጅ ኩረጃ ነው!»

«ከረባትዎን የሸመነው የየት አገር ሸማኔ ነው ጋሼ?» አለ አዟሪው፣ አገጩን ከመጽሐፉ ሳያነሳ። ሰልፉ በሳቅ ተነቃነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነቃነቀውም ያኔ ነው።

እስቲ ቁም ነገር ላውራ። እርግጥ ነው፣ ኤድጋር አለን ፖ የመጀመሪያውን የመርማሪ ታሪክ በ1841 እ.ኤ.አ. አወጣ ይባላል። እኛ ግን አፈርሳታ ነበረን። ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሲገደል ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲሰርቅ ያያል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሏል። አጋታ ክሪስቲ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ባቡር በበረዶ አስቁማ፣ ተሳፋሪዎቹን ከገዳይ ጋር አፋጥጣ ዓለምን አስጨበጨበች። ባቡሩን አንስታችሁ ሜዳ፣ በረዶውን አንስታችሁ የየካቲት ፀሐይ አድርጉበት፤ አፈርሳታ ነው። ልዩነቱ፣ የኛው ላይ አጥፊው ካልተገኘ ካሣውን የሚከፍለው አገሬው ሁሉ መሆኑ ነው። ክሪስቲን ያነበበ ሁሉ ገዳዩን ባያውቅ ተዋጥቶ ይክፈል ቢባል እንዴት በጥንቃቄ በተነበበች!

ሌባ ሻይም ነበረን። ሼርሎክ ሆምስ በአጉሊ መነጽር ሲንፏቀቅ፣ የኛው መርማሪ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ወገቡ ላይ በታሰረው መቀነት እየተያዘ ይሮጣል፤ ሮጦ ሮጦ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው፣ አበቃ። ማስረጃ የለ፣ ይግባኝ የለ። ሥርዓቱ ቀርቷል ይባላል እንጂ፣ አንዳንዶቹ ደራስያን ዛሬም ገዳይ የሚመርጡት በዚሁ ዘዴ ይመስለኛል፤ ብዕሩ ሮጦ ሮጦ ሲደክመው ከደጁ የወደቀበት ገጸ ባሕርይ ገዳይ ይሆናል። የእትዬ ዘበኛ የተያዘው በሌባ ሻይ ነው።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራን ታሪክ አማርኛ ሲያስተምር ፍንጩን ለአንባቢው እያቀበለ ነበር። ማሞ ውድነህ የስለላውን ዓለም ተርጉመው ሲያመጡ፣ ስንቱ ተማሪ ሰላይ ልሁን ብሎ በመምህሩ ላይ ልምምድ ጀምሯል። ዓለማየሁ ዋሴ በመጽሐፉ በእመጓ ተራራና ገዳም አስወጥቶ ሲያባርረን፣ ትንፋሻችን የተቆረጠው በዳገቱ ይሁን በምስጢሩ ሳንለይ ቀርተናል። ኩረጃ ነው የሚሉት ጎልማሳ እነዚህን ቢያነቡ ከረባታቸውን ያላሉ ነበር።

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ሁሉን አንብበዋላ» አለኝ አዟሪው። «ይህቺን ልስጥዎት? ኦሮማይ። ልብ አንጠልጣይ አይደለችም ግን፣ ፖለቲካ ናት።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም።»

አስመራ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ዋዜማ፣ ጸጋዬ የሚባል ጋዜጠኛ፣ ፊያሜታ የምትባል ሴት፣ ማን የማን ሰላይ እንደሆነ የማይታወቅበት ማዕድ። ይኼ ልብ ካላንጠለጠለ ምን ያንጠለጥላል? በ2017 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ፈረንጅ ያስቀመጠው ከሰላይ ልብ ወለዶች ጎን ነው። እኛ «ፖለቲካ ነው» ብለን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ዝቅ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለደራሲው ለበዓሉ ግርማ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ኦሮማይን ሲያወጣለት ዓመቱ 1975 ዓ.ም. ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች።

አጋታ ክሪስቲም አንድ ጊዜ ጠፍታለች፤ በታኅሣሥ 1926 እ.ኤ.አ. መኪናዋ ለብቻዋ ተገኘች፣ አገር ምድሩ ፈለጋት፣ በ11ኛው ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ በሌላ ስም ተመዝግባ ተገኘች። ሁለቱም መኪኖች ተገኝተዋል። ሾፌሯ የተገኘችው የአንደኛዋ ብቻ ናት። ኦሮማይ ማለት ደግሞ አበቃ፣ አከተመ ማለት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ያላከተመ ነገር ስሙ ይኼ ነው።

ሰልፉ ጸጥ አለ። እትዬ እንኳ ገዳዩ ማን ነው አላሉም።

«ሁለት ሰው የቀረው!» አለ ወያላው። ማንም አልሮጠም።

መጽሐፉን ገዛሁት፤ ቤት አለኝ፣ ግን ገዛሁት። ገለጥኩና የመጨረሻው ገጽ መኖሩን አረጋገጥኩ። የኔን የቆሎ ገጽ ትቼዋለሁ፤ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ይቅር ብዬዋለሁ። የቃሊቲዋን ገጽ ገንጥሎ የያዘ ሰው ግን ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ዕድሜው ገፍቷልና፣ ሳይመሽበት ይመልስልን።