የጋሽ ቁንጥጫው ይሉኝታ አጭር የሕይወት ታሪክ

እግዜር ያጥናችሁ። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እድሩ ያመሰግናል። ጡሩንባው ዘግይቶ የተነፋው የሟች ሕልፈት በጊዜው ስላልታወቀ ነው። ቴአትር ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ከፊቱ ያለውን ወንበር መጋረጃ ከተከፈተ እስኪዘጋ ድረስ ሲረግጥ አመሸ፤ የተረገጠው ሰውዬም ዞር ብሎ ፈገግ አለና ጀርባውን መልሶ ለርግጫው አመቻቸ። ነገሩ የተጠረጠረው ያኔ ነው።

ሟች ጋሽ ቁንጥጫው ከአባታቸው ከአቶ ይሉኝታ ሰፈሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደራ ጎረቤቱ ተወለዱ። የትውልድ ዘመናቸው በውል አይታወቅም። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ግን አንድ አላፊ አግዳሚ የሰው ልጅ ሲያጠፋ አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ያለ ዕለት ነው ይላሉ። ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ በሠርግ ድንኳንና በማኅበር ድግስ ልምድ ቀስመው በመዝናኛው ዘርፍ ተሰማሩ።

በዚሁ ዘርፍ በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ጀምሮ ያላገለገሉበት አዳራሽ የለም። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ሲመረቅ ግን ሥራ እንዳልነበራቸው ይገመታል። ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት አዳራሽ ወንበር የሚረግጥ ልጅ ከየት ይመጣል? በጨዋታ መሐል ደግሞ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» ማንሳት ይወዱ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ሥራ መኳንንቱን በአውሬዎች አፍ ስለነካቸው ታግዷል። «አዋቂን ከመድረክ ላይ ብትቆነጥጠው ያሳግድሃል፤ ልጅን ከወንበር ሥር ብትቆነጥጠው ያስመርቅሃል» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

የሟች ሙያ ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ሳል፤ ሳሉ ካልሠራ ግልምጫ፤ ግልምጫው ካልሠራ «እሽ!»፤ ከዚያ ኩርኩም። ቁንጥጫው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እርሱም ከጭኑ ውስጠኛ ክፍል፣ ሁለት ጣት ብቻ ተጠቅሞ፣ ዓይን ከመድረኩ ሳይነቀል። ልጁ እንዳይጮህ በሰው መሐል ነው፤ እንዳይከስ ደግሞ ቆንጣጩ ተዋናዩን እያየ ያጨበጭባል። እናት ነገሩን ያወቀች እንደሆነ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እሰይ! እጅዎ ይባረክ።» ቤት ሲገቡ ሁለተኛው ዙር ይጠብቀዋል፤ በሰው ፊት አሰድቧታልና።

ሟችን ለማያውቃቸው ሰው ነገሩ ሁሉ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። በከፊልም ነበር፤ እደርስበታለሁ። ጉልበታቸው ግን ከጣታቸው አልነበረም። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስለነበረው ነው የሠራው። ፒያሳ ሀገር ፍቅር የገባ ልጅ ከኋላው የተቀመጡት ሰው አንድም የአባቱ የሥራ ባልደረባ፣ አንድም የአክስቱ የክርስትና እናት ወንድም ናቸው። ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። የማያውቁት ሰው የሚባለው ሰውዬ፣ እንግዲህ፣ ሲመረመር የማያውቁት ሰው አልነበረም። አደራ ነበረበት፤ ያው ልጅ ነገ መንገድ ላይ ቢወድቅ አንስቶ አቧራውን አራግፎ ቤቱ የሚያደርሰው ራሱ ነውና። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ የሚባለውን ጎረቤት ጭምር ይኖረው ነበር፦ የቆነጠጠ እጅ ንፍጥም ይጠርግ ነበር።

በሽታው የጀመራቸው ሰፈር ሲፈርስ ነው። ነዋሪው ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተበተነ፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ያለውን አያውቅም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ የሚመልስላቸው ጠፋ። ቀጥሎ «ምን አገባህ!» የሚል መርዝ አገኛቸው፤ ለጊዜው ተርፈው ነበር፤ የጨረሳቸው ስልክ ነው። አንድ ቀን ጣታቸውን ሲዘረጉ ከሦስት አቅጣጫ ተቀረጹና ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

ሕይወታቸው ሲመረመር ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 ልጁን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ የቀጣ ሰው ጥፋተኛ አይደለም ሲል፣ «ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተመልካች» የሚል ቃል አልጨመረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። እንግዲህ መምህሩ አለንጋውን ሲያስቀምጥ፣ ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው በየትኛው ሥልጣኑ ይቆነጥጣል? ሟች ይህን ሲጠየቁ ጆሯቸው አይሰማም ነበር።

በቀብር ላይ ክፉ አይነገርም ይባላል፤ ይህን ልማድ ዛሬ እተላለፋለሁ። ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ ረብሻንና መደነቅን መለየት አልቻሉም። መድረክ ላይ ጀግናው በጦር ተወግቶ ወድቆ፣ አዳራሹ ጸጥ ባለበት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ ሰውዬው የእውነት ሞተ?» ስትል ለተዋናዩ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ቀጣዮቹ ሁለት ረድፎች ሳቁ፤ «ሟቹ» ተዋናይ ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ታየ። እርሳቸው ግን ቆነጠጧት። አራት ኪሎ ሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ሲሄዱማ ጭራሽ ግራ ገባቸው፤ እዚያ ልጅ ሲጮህ፣ ለተዋናዩ ሲመልስለት፣ የትርኢቱ አካል ነው። ወጥተው በር ላይ ጠበቁ።

ከዚህ የባሰው ዝም ማለት የማይችለው ልጅ ጉዳይ ነው። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ዘሚ የኑስ ስለ ኦቲዝም ለሕዝብ ሲያስረዱ ዓመታት ደክመዋል፤ ሟች አላዳመጡም። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ብለው ኮረኮሙት፤ እናቱ እያለቀሰች ይዛው ወጣች፤ ዳግመኛም ቴአትር ቤት አልታየችም። ለዚች እናት ዛሬ ለቅሶ ድረሽ የሚላት ሰው ቢኖር ያፍራል።

አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ ከመድረክ ተዋናይነት ተነሥተው በቴሌቪዥን የአገሩን ልጅ ሁሉ ሲመክሩና ሲገሥጹ ኖረዋል፤ አብዛኛውን ልጅ በስም አያውቁትም፤ ከስክሪኑ ወጥተው ግን አልቆነጠጡም። ሟች ከእርሳቸው ተምረው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብን።

አሁን ንፍሮው ሳይቀርብ የውርሱ ነገር ይነገር። ሁለቱ ጣቶች ከባለቤታቸው ጋር ይቀበሩ፤ ወራሽ ነኝ የሚል ካለ ፍርድ ቤት ይሂድ። ግልምጫው ለአያቶች ይተላለፋል፤ አያያዙን ያውቁበታል። ባትሪው ለአስተናጋጁ ይሰጥ፤ አዳራሹን ሥርዓት ማስያዝ ደመወዝ የሚከፈለው የእርሱ ሥራ ነው፤ ወላጅም ሲነገረው አይቆጣ። «ማሙሽ፣ እግርህን ሰብስብልኝ» የሚለው ለስላሳ ቃል ግን ለሁላችንም ነው፤ ከጣቱ ጋር ተሳስቶ ሊቀበር ሲል ያስቀረነው እርሱን ነው። ባዳ ልጅን መንካት አይችልም፤ መናገር ግን ይችላል፤ ይገባዋልም። ምንም ሳይናገር በልቡ የሚራገም ተመልካች ለልጁ ከቆንጣጩ የተሻለ ዘመድ አይደለም።

የወላጅን ነገር ሳልናገር አልወርድም። ዛሬ ልጁ ሲቁነጠነጥ ስልክ ይሰጠዋል። ልጁ ዝም ይላል፤ ካርቱኑ ይጮኻል። አጠገቡ ያለው አባት ደግሞ በጦርነት ትዕይንት መሐል «ሃሎ! ቴአትር ቤት ነኝ፣ በኋላ ደውል» ይላል። ሟች በሕይወት ቢኖሩና ጣታቸውን አንድ ጊዜ እንዲጠቀሙ ቢፈቀድላቸው ማንን እንደሚቆነጥጡ እኔ አልጠራጠርም።

ሠልስቱ እሁድ ከሰዓት ቴአትር ቤት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ውሰዷቸው፤ ስልካችሁንም አጥፉ።