ጦጢትና የቃጭሎቹ መዝገብ

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

በአንድ ጫካ ለእንስሳት ሁሉ ቁጥር ያለው ቃጭል ታደለ፤ ቁጥሩ ሲጠራ ያቃጭላል። የትኛው ቁጥር የት እንዳለ እንድትመዘግብ እመት ጦጢት ተሾመች። ጦጢት ግን ከዛፏ አልወረደችም፤ የጻፈችው ቃጭሉን ፈርሞ የተረከበውን እንስሳ ቤት ነበር። አያ ከርከሮ ቆላ ተቀምጦ ቃጭሎቹን ለደጋ ፍየሎች ሲያከራይ፣ መዝገቡ “ቆላ” እንዳለ ቀረ።

ቦታው ጨርሶ ያልታወቀ ቃጭል ሲገጥማት ደግሞ በፍየል ቆዳ የተሣለውን ካርታ ትዘረጋና የጫካው እምብርት ላይ ነጥብ ታኖራለች። እምብርቱ ላይ የእማማ ኤሊ ጎጆ ነበረች።

አንድ ሌሊት የአያ ጅቦ ሥጋ ተሰረቀ። የሌባውን ቃጭል በድምፁ ለየና መዝገቡን አስገለጠ። ወዲያው ኤሊ ደጃፍ ደርሶ “ሌባውን አውጪ!” እያለ ጀርባዋን ይደበድብ ጀመር። በማግስቱ ነብር መጣ፤ በሳልስቱ ተኩላ። የኤሊ ድንጋይ ልብስ ተሰነጠቀ።

እየተጎተተች ዛፉ ሥር ደረሰች።

“እመት ጦጢት፣ ምን በደልኩሽ?”

“ምንም። ጠያቂ ባዶ ገጽ ሳሳየው ይቆጣል፤ ስለዚህ መሐሉን እጽፍለታለሁ።”

“እንግዲያው ያንቺ ባዶ ገጽ እኔ ጀርባ ላይ ተጻፈ” አለች ኤሊ።

ይህን የሰማች ቆቅ የሌባውን ቃጭል በቁጥሩ ጠራችው። ሦስት ሳትቆጥር ቃጭሉ መለሰ። “ድምፅ የሚሮጥበት ልክ አለው” አለች። “የኤሊ ጎጆ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ቃጭሉ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቱ ዛፍ ሥር እንደሆነ አላውቅም።”

በኢንተርኔት ዓለም የአይፒ አድራሻ ያ ቃጭል ነው፤ ሰርቨሩም ቃጭሉ የታሰረበት ፍየል። መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የተረካቢውን ድርጅት አድራሻ እንጂ ማሽኑ የቆመበትን ክፍል አይደለም። ኤሊም በእውን ነበረች። ማክስማይንድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አገሩን እንጂ ቦታውን ለማያውቀው አድራሻ ሁሉ የአገሪቱን መሐል አካባቢ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ነጥቡ ያረፈው ካንሳስ ውስጥ፣ ፖትዊን አጠገብ ባለ የእርሻ ቤት ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ነገሩ ይፋ ሲወጣ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ወደዚያ ያመለክቱ ነበር፤ ፖሊሶችና የተጭበረበሩ ሰዎች ያን በር ለዓመታት አንኳኩተዋል። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ነጥቡን ወደ ሐይቅ አዛወረው።

መዝገብ የምትይዙ ሁሉ፣ የማታውቁትን “አላውቅም” ብላችሁ ጻፉ። መዝገብ የምታስገልጡም፣ የሰው በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ነጥቡን ያኖረው አይቶ ይሁን ገምቶ ጠይቁ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።