የባልና ሚስትን የብቻ ዕረፍት ለመደንገግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1

የሰማህ ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! (ነጋሪት መጎሰም ጎረቤት ስለሚቀሰቅስ አዋጁ በሹክሹክታ ተነቧል።)

መግቢያ

በዝዋይ አሸዋማ መሬት ላይ የተተከለው የወይን ተክል ውርጭና በረዶ ስለማያውቅ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲለቀም፣ የዚህ ቤት ባልና ሚስት ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከከተማ መውጣት ስላልቻሉ፤

ቅዳሜ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለክርስትና፣ እሑድ ለዕድር፣ ለማኅበርና ለኮንዶሚኒየም ስብሰባ በቋሚነት ተመድበው በመገኘታቸው፤

ባለትዳሮች ሁለት ብቻ ሆነው መንገድ ሲወጡ ዘመድ አዝማድ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ስለሚደነግጥና ይህንን ድንጋጤ በሕግ ማረጋጋት በማስፈለጉ፤

የቤቱ ምክር ቤት ሳሎን ተሰብስቦ በአንድ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ድምፅ ያልሰጠው ወገን ኳስ እያየ ነበር) የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የዝዋይና የላንጋኖ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አማቶች ባሉበት ግን «የሥራ ጉዳይ» ተብሎ ይጠቀሳል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

1. «የባሕር ዳርቻ» ማለት የነዳጅን ዋጋ ግምት ውስጥ በማስገባት የላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ነው።
2. «ባልና ሚስት» ማለት ባልና ሚስት ነው። የሚስትን እኅት፣ የባልን የአጎት ልጅና «መኪናው ቦታ ካለው» የሚል ወዳጅን አይጨምርም።

አንቀጽ 3፦ መንገድ

1. ጉዞው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል። የጎማ ነፋስ፣ ዘይትና የራዲያተር ውሃ ዓርብ ማታ ይታያሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ መቆም አይፈቀድም።
2. እስከ ሞጆ በፈጣኑ መንገድ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በመታጠፍ ይኬዳል። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት መግዛት በመሄጃ ክልክል፣ በመመለሻ ግዴታ ነው። የጎረቤት ድርሻ ለብቻው ይቋጠራል፤ ጎረቤት ባይነገረውም የት እንደተዋለ ያውቃልና።

አንቀጽ 4፦ የዝዋይ ቆይታ

1. ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለውን የደብረ ጽዮን ማርያምን ገዳም መሳለም ከወይን ይቀድማል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የንስሐ አባትን ጣልቃ ገብነት ያስከትላል።
2. በሐይቁ ላይ ጉማሬ ከጀልባ ቅድሚያ አለው። በዳርቻው የዓሣ ጥብስ ሲበላ አባ ኮዳ አጠገብ መጥቶ ቢቆም እንደ ዘመድ አይቆጠርም፤ ስለዚህ «እንብላ» ማለት አያስፈልግም።

አንቀጽ 5፦ ወይን

1. የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያለማውና የመጀመሪያ ጠርሙሶቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡለት እርሻ፣ አስቀድሞ ተጠይቆ ሲፈቀድ ይጎበኛል። እርሻው ዘንዶና ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦዩ ዘመድንም ስለማገዱ ማስረጃ ባለመቅረቡ አንቀጽ 2 እንደጸና ይቆያል።
2. እስከ ትናንት ከጉደር ሌላ ያልቀመሰ ባል፣ ብርጭቆ አዙሮ አሽትቶ «የቆዳና የጥቁር እንጆሪ ሽታ አለው» ቢል ሚስት እስከ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ በላይ ለመታገሥ በሕግ አትገደድም።
3. ቀይ ወይን ላይ ኮካ ኮላ መጨመር በአስጎብኚው ፊት ክልክል ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ በጋራ ስምምነት ይፈቀዳል።
4. መሪ የያዘ አይቀምስም። ማን መሪ እንደሚይዝ በሳንቲም ይለያል፤ ሳንቲሙን ያመጣው ወገን አይወረውረውም።

አንቀጽ 6፦ ላንጋኖ

1. የሐይቁ ውሃ ቡናማ ነው። ይህ የደለል እንጂ የቆሻሻ ምልክት ስላልሆነ «እዚህ ውስጥ ነው የምንዋኘው?» የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። ነጭ ቁምጣ ለብሶ የገባ ግን ለሚደርስበት ኀላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።
2. ሐይቁ ዳር ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ መነጋገር የተከለከለ ነው። «ዛሬ ውሃ መጥቶ ይሆን? በርሜሉን ማን ሞላው?» ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ መናገር ግን አይቻልም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ለቅሶ

የቅርብ ዘመድ ካረፈ አዋጁ ወዲያው ይታገዳል። የሩቅ ከሆነ ሠልስት ላይ ይደረሳል። ቅርብና ሩቁን የሚለዩት የሚስት እናት ሲሆኑ፣ እሳቸው ዘንድ ሩቅ የሚባል ዘመድ እንደሌለ ምክር ቤቱ ይገነዘባል።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ወገን በሚቀጥለው እሑድ የኮንዶሚኒየሙን ስብሰባ ብቻውን ይካፈላል፤ ቃለ ጉባኤም ይይዛል።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ሕጎች

«ልጆቹ ከፍ ይበሉና»፣ «በዓሉ ይለፍና»፣ «እስቲ ደመወዝ ይጨመርና» የሚሉ ልማዳዊ አሠራሮች ሁሉ በዚህ አዋጅ ተሽረዋል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከቅዳሜ ንጋት እስከ እሑድ ምሽት የጸና ይሆናል። ሆኖም የባል እናት ዓርብ ማታ ደውለው «እኔም እኮ ላንጋኖን አይቼው አላውቅም» ያሉ እንደሆነ፣ ማሻሻያ አዋጅ በዚያው ሌሊት ይወጣል። ማሻሻያው የፊት መቀመጫ ለእሳቸው፣ የኋላው ለሚስትና ለሽንኩርቱ መሆኑን ይደነግጋል።