አንበሳው ሲሚሊ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አቁማችሁ «የሲሚሊ ምሳሌ ስጥ» በሉት። አፍታ ሳይቆይ «ሂ ኢዝ አዝ ብሬቭ አዝ ኤ ላየን» ይላችኋል። ከጎኑ ያለችውን ጠይቁ፤ ያው አንበሳ ነው። ለሜታፈር ደግሞ «ሂ ኢዝ ኤ ላየን» ይሆናል፤ አንበሳው «አዝ»ን ሜዳ ላይ ጥሎ መጣ ማለት ነው። ታላቅ ወንድሟም፣ መምህሯም የተማሩት በዚሁ አንበሳ ነው። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ አውሬ እስካሁን ጡረታ አለመውጣቱ ይገርማል።

ጠዳ ላይ፣ ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ጀበና ቡና ከሚሸጥባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት ልጆች ለፈተና ይጠያየቃሉ። አንዱ ደብተር ይዞ ይጠይቃል፤ ሌላው ጣራ ጣራውን እያየ ይመልሳል።

«አይረኒ?»

«የተባለው ሌላ፣ የታሰበው ሌላ ሲሆን።»

«በእንግሊዝኛ በላ!»

እዚህ ላይ ተያዘ። ይህን ጊዜ በዱቤ መጠጣት የለመዱ አንድ ጎልማሳ ገብተው ተቀመጡ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒውን አቀረበችና ጎንበስ ብላ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ስም እኮ ከደብተራችን ጠፍቶ አያውቅም» አለቻቸው። ሰውየው ሊያመሰግኑ የከፈቱትን አፍ መሃል ላይ ሲደርሱ ዘጉት። እዚያ ከነበርነው ሁሉ ቀድሞ የሳቀው ማን መሰላችሁ? አይረኒ የጠፋበት ልጅ! ሳቁን ጨርሶ ዓይኑን ጨፈነና ትርጓሜውን ከመጀመሪያው መሸምደድ ጀመረ።

አገሩ ይኸው ነው። ሰርግ ላይ አዝማሪው አንዱን ጎሸም ሲያደርግ ማን እንደተነካ ለመረዳት ኖት የሚገለብጥ የለም። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ደግሞ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ እስኪደርስ የራሱን እየቆጠረ መምህሩ ፊት ይቆማል። የትናንቱ ለዛሬ አያገለግለውም፤ ከሰው የተዋሰም እንደሆነ ይታወቅበታል። ያንኑ አንበሳ ሁለት ቀን ይዞ ቢቀርብ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅትም።

እንግሊዝኛው ክፍል ውስጥ ግን ቆጠራው ሌላ ነው። መምህሩ ግጥሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ቤት መምቻውን ኤ፣ ቢ፣ ኤ፣ ቢ እያለ ምልክት ያደርግበታል፤ ስንት ስታንዛ እንዳለው ያስቆጥራል፤ ደወል ይደወላል። ገጣሚውን ምን አናደደው፣ ማንን ነው የሚነካው የሚለው ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይተላለፋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፓሲቭ ቮይስ አለ። ልጁ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም የሚማረው በዚህ ቋንቋ ነው፤ በቋንቋው አንዲት ቀልድ ሰምቶ ግን አያውቅም።

የልቦለዱስ የባሰ ነው፤ ልቦለዱ የለም። ያለው ሴቲንግ፣ ፕሎት፣ ቲም የሚል ማጠቃለያ ነው። ስለ ቺኑዋ አቼቤ ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ኦኮንክዎ፣ የጠየቅሁት አንድ ተማሪ ሰውየው በመጨረሻ ራሱን እንደሚሰቅል ያውቃል፤ ከመጽሐፉ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር አላነበበም። ሟቹን ሳያውቅ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሆነብኝ። መጽሐፉ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ይገኛል፤ ችግሩ፣ በብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከጥናት ያዘናጋል ተብሎ።

በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለውን የቋራውን የካሳን ታሪክ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዋርየር ኪንግ» ብሎ በእንግሊዝኛ ልቦለድ ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1974 አቼቤም በታተመበት በሄይንማን የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ወጥቷል። ለጎንደር ልጅ ከዚህ የቀረበ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ከየት ይመጣል? አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። አውሮፕላኑ በየጊዜው ያርፋል፤ መጽሐፉ ያረፈበት ክፍል ግን እስካሁን አላየሁም።

መምህራኑን ስትጠይቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ማትሪክ ግጥም አይጠይቅም።» እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ይሁንና ግጥሙ ለፈተናው ከተሠዋ፣ ፈተናው ትንሽ ውለታ መመለስ ነበረበት። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ግጥም ብናስተምር ውጤቱ ይወርዳል ብሎ የሚሠጋ ካለ፣ እስቲ የሚወርድበትን ቦታ ያሳየን።

ደግሞ ሁሉም መምህር እንዲህ ነው አልልም። የማውቀው አንድ መምህር ፈተና ሲያርም የገጠመውን አጫወተኝ። ጥያቄው የግጥሙ ቶን ምንድን ነው የሚል ነው፤ ኤ ደስታ፣ ቢ ሐዘን፣ ሲ ቁጣ፣ ዲ ሁሉም። አንዲት ተማሪ አንዱንም አልመረጠችም። ከጎን በእርሳስ፣ ተናጋሪው የሚያለቅስ መስሎ ጎረቤቱን እየነካ እንደሆነ፣ ሦስተኛውን ስንኝ ምስክር አድርጋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈች። መምህሩ ደጋግሞ አነበበው። ልክ ነበረች፤ እሱ ራሱ ግጥሙን እንዲያ አይቶት አያውቅም። ጠርቶ አመሰገናት፤ ክፍሉ ፊት አስነበባት፤ ተጨበጨበላት።

«ነጥቡንስ ሰጠሃት?» አልሁት።

«እንዴት አድርጌ? መልሱ እኮ ቢ ነው።»