«ሞላው ነው»፦ የብይ ማስፈንጠሪያ በካምፓላ፣ ከነዝርያዎቹና ከነሰበቦቹ

የብይ ማስፈንጠሪያ ማለት በአንድ መዳፍ የሚያዝ፣ በአናቱ ብይ ጎርሶ በሆዱ የሚተፋ፣ ከጀርባው ቃታ ያለው የፕላስቲክ ፍጡር ነው። እጅ አለው፣ አይጨብጥበትም፤ እግር አለው፣ አይሄድበትም። ፊቱ ከሩቅ ሲያዩት የተቆጣ፣ ቀረብ ሲሉት ግን ብድር የተጠየቀ ሰው ይመስላል። ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልፈውታል። አሳሹ ጆን ስፒክ በ1862 እ.ኤ.አ. ዛሬ ካምፓላ በሆነው አገር በቡጋንዳው ንጉሥ በካባካ ሙቴሳ ግቢ ወራት ሲቀመጥ ልቡ ያለው የናይል ምንጭ ላይ ነበር። የናይል ምንጭ ተገኝቷል። ከአንድ ማስፈንጠሪያ ተስፈንጥሮ የወጣ ሞላ የት እንደሚደርስ ግን ዛሬም አልታወቀም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው።

ዘሩ ጃፓናዊ ነው። በ1993 ታካራ የተባለው መጫወቻ አምራች፣ ቦምበርማን የሚባለውን የሃድሰን ኩባንያ የቪዲዮ ጨዋታ ጀግና ወስዶ ሆዱን ከፈተና ብይ አስገባበት። ቢዳማን ተባለ። ሥራው ስለሠመረለት በ1998 የቴሌቪዥን ካርቱን ወጣለት፣ በ2004 ሌላ ተከተለው። ካምፓላ የሚደርሰው ግን እንደ ጀግና አይደለም። ኦዊኖ ገበያ፣ ሸራ ላይ በተከመረ የሰልባጅ መጫወቻ ውስጥ፣ ጎማ ከሌለው መኪናና አንድ ዓይን ካላት አሻንጉሊት ጋር ተጋድሞ ይገኛል። አዲስ የሆነው አስመሳዩ ደግሞ በላስቲክ ታሽጎ ከርካሽ የቻይና ዕቃ ጋር ይመጣል። እሱም ቢሆን ከላስቲኩ እንደወጣ ወደ ሸራው ጉዞ ይጀምራል።

አካሉን ስንመረምር አንድ አሳፋሪ ምስጢር እናገኛለን። ብይዋ ሆዱ ውስጥ በሁለት የፕላስቲክ ጥፍሮች ተይዛ ትቀመጣለች። ቃታው ከኋላ ሲገፋ ጥፍሮቹ አንለቅም ይላሉ፤ ሲሸነፉ ብይዋ ትፈተለካለች። ሞላው ታዲያ ምን ሠራ? በዋናው ዝርያ የሞላው ሥራ ቃታውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። የገፋው የልጁ አውራ ጣት ነው። ጉልበቱ የጣት፣ ዝናው የሞላ ሆኖ ሲኖር እስካሁን ማንም አልተቃወመም።

ስለ ብይ ራሷ ለክብሯ ያህል ጥቂት እንበል። የመስታወት ብይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመኗ ላውሻ በእጅ ትሠራ ነበር፤ በ1905 ክሪስተንሰን የተባለ የአክረን፣ ኦሃዮ ሰው ለብይ መሥሪያ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1872 ሃይረም ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ አንገቱ በብይ የሚደፈን የለስላሳ ጠርሙስ ፈለሰፈ። ልጆች ብይዋን ለማውጣት ጠርሙሱን መስበር ያዙ። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ እስክሪብቶ ስንደርስ ይጠቅመናል። የካምፓላ ልጆች ጨዋታውን ዱል ይሉታል፤ የእኛዎቹ ብይ ይላሉ፤ ካንሳንጋና ካባላጋላ በሚባሉት የካምፓላ ሰፈሮች የተወለዱት የሐበሻ ልጆች ሲያሸንፉ በሉጋንዳ፣ ሲሸነፉ በአማርኛ ይጫወታሉ። ጋራዥ አካባቢ ያደገ ሁሉ ደግሞ ከኩሽኔታ የምትወጣውን የብረት ብይ ያውቃታል። ከእኩያዋ የመስታወት ብይ ሦስት እጥፍ ትከብዳለች። ማስፈንጠሪያ ሆድ ውስጥ ስትገባ አንዴ ትተኮሳለች፤ ስትወጣ ጥፍሮቹን ይዛ ትወጣለች።

አሁን ወደ ምደባው።

ምድብ አንድ፦ ሥጋ ለበስ ማስፈንጠሪያ። ይኸውም ጣት ነው። ሁለት ንዑስ ዝርያ አለው። አንደኛው ብይዋን በሌባ ጣት ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣት የሚፈነጥረው ነው። ሁለተኛው በህንድ ልጆች ዘንድ የታወቀው፣ መካከለኛ ጣቱን በሌላው እጁ ወደ ኋላ ስቦ የሚለቀው ነው። ከሁለቱም የሚወለድ ዲቃላ አለ፤ እጁን ሳይታወቅ ወደ ፊት እየገፋ የሚተኩስ። በእንግሊዝ አገር ቲንስሊ ግሪን በምትባል መንደር በ1932 በተጀመረው የስቅለት ዕለት ውድድር፣ 49 ብይ ክብ ላይ ተደርድሮ ሲጫወቱ ይህ ጥፋት ነው። በካንሳንጋም ጥፋት ነው። ልዩነቱ እዚያ ዳኛ ሲፈርድ፣ እዚህ የሚፈርደው ታላቅ ወንድሙ በቅርብ የተገኘ ልጅ መሆኑ ነው።

ምድብ ሁለት፦ ሞላው ያለ ማስፈንጠሪያ። አልፎ አልፎ ይታያል። ዕድሜው አጭር ነው።

ምድብ ሦስት፦ ሞላው የሌለ ማስፈንጠሪያ። በተፈጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እናየዋለን።

ሦስት ሀ፦ «ሞላ ብቻ ነው የቀረው»። ይህ ዝርያ ሞላ የለውም፣ አንድ ጥፍር የለውም፣ ቃታው ተሰብሮ በማስቲሽ ተጣብቋል፣ ጭንቅላቱ የሌላ ነው። ባለቤቱን ምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን «ምንም አልሆነም፣ ሞላ ብቻ ነው የቀረው» ይላችኋል። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ይሻገራል። አይጣልም፣ አይሰጥም፤ ለመለዋወጥ ከቀረበ ግን እንደ ደህና ይቆጠራል።

ሦስት ለ፦ ባለ ላስቲክ። በሞላው ፈንታ የብር ማሰሪያ ላስቲክ የታሰረበት። ወደ ፊት መተኮስ ሲገባው ወደ ተኳሹ ይተኩሳል። ከዚህ በላይ አንልም።

ሦስት ሐ፦ በእስክሪብቶ ሞላ የታከመ። እዚህ ላይ አንባቢ ተደላድሎ ይቀመጥ።

የእስክሪብቶ ሞላ ከየት ይመጣል? ተማሪ ከሚጽፍባት ርካሽ እስክሪብቶ አይመጣም፤ እሷ ክዳን እንጂ ሞላ የላትም። ሞላ ያላት አናቷ ጠቅ የምትለዋ ናት። ጠቅ የምትለዋ እስክሪብቶ ደግሞ ካምፓላ ውስጥ በዋናነት ከአንድ ምንጭ ትፈልቃለች፤ ከወርክሾፕ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ አቅም ግንባታ ሁለት ቀን ይወራል፤ ተሳታፊው ማስታወሻ ደብተር፣ ውኃና የድርጅቱ ስም የታተመባት እስክሪብቶ ይዞ ቤቱ ይገባል። ልጁ በር ላይ ይጠብቀዋል። አባት ጫማውን ሳያወልቅ እስክሪብቶዋ፣ እንደዚያ የኮድ ጠርሙስ፣ ለሆዷ ሲባል ተፈታለች። የልማት ድጋፍ ታች ላለው ማኅበረሰብ አይደርስም የሚሉ ተቺዎች ይህን ሰንሰለት ያዩት አይመስለኝም። ሞላው ያለ ደላላ፣ ያለ ሪፖርት፣ በዚያው ምሽት ለሕፃናት ይደርሳል።

የተፈታችው እስክሪብቶ ተመልሳ ትገጣጠማለች፤ የተንኮሉ ረቂቅነት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ስትታይ ምንም አልሆነችም። ከአባት ደረት ኪስ ትገባለች። በማግስቱ አባት አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ቅጽ እንዲሞላ ይሰጠዋል፤ አናቷን ጠቅ ሲያደርግ ጫፏ ብቅ ትላለች፣ ወረቀት ስትነካ ተመልሳ ትገባለች። ሰው ሁሉ በተሰለፈበት እስክሪብቶ የሚሽኮረመምበት ሰው፣ በእርግጠኝነት ቤቱ ብይ የሚጫወት ልጅ አለው። ይህን ምልክት ሳይ ጠጋ ብዬ «ስንት ዓመቱ ነው?» እላለሁ። ተሳስተው የሚመልሱልኝ የሉም።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ የሞላን ሕግ፣ ማለትም ሞላ በተለጠጠ ወይም በተጨመቀ መጠን የመመለስ ኃይሉ እንደሚጨምር ካወቀ በኋላ፣ በ1676 ሕጉን ያተመው ፊደላቱን አመሰቃቅሎ ነበር። ፍቺውን ያወጣው በ1678 ነው። ሌላ ሊቅ እንዳይወስድበት ሰግቶ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ልዩ ጠባይ ያዩታል። ሞላ የያዘ ሰው እንደሚደብቅ ለማወቅ ግን ካንሳንጋ ያለ የማንኛውንም ልጅ ካልሲ መፈተሽ ይበቃል።

አሁን የእስክሪብቶ ሞላ ማስፈንጠሪያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ለቦታው ይቀጥናል። ስለዚህ አንዱ ጫፉ በተጠቀለለ ወረቀት ይወፍራል፤ ወረቀቱ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ገጹ ያልታረመው የቤት ሥራ ያለበት ነው። ምርጫው በአጋጣሚ አይመስልም።

ዝናብ ቆሞ ቀዩ አፈር ጠንከር ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ ምልከታ አድርጌያለሁ። ጉድጓዱ በተረከዝ ዞሮ ተቆፍሯል። ተጋጣሚዎቹ የጎረቤታችን የኢትዮጵያዊ ቤት ልጅ፣ ባለ ሦስት ሐ፣ እና ባዶ እጁን የመጣ የሰፈሩ ልጅ፣ ማለትም ምድብ አንድ ናቸው። የእኛው ልጅ ተንበረከከ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ቃታውን በሁለት አውራ ጣት ገፋው። ብይዋ ከሆዱ ወጥታ አንድ ስንዝር ያህል ሄዳ ቆመች። ሞላው ግን በአናቱ በኩል ወጥቶ፣ በጸሐይ ብልጭ ብሎ፣ አጥሩ ሥር ካለው ሣር ገባ።

«ባናንጌ!» አለ የሰፈሩ ልጅ፤ አድናቆቱ የእውነት ነበር።

ቀጥሎ ክርክር ተነሣ። የእኛው ልጅ ርቀቱ ከሞላው ይለካ አለ፤ የተተኮሰው ከእሱ መሣሪያ እስከሆነ ድረስ የወጣው ሁሉ ብይ ነው በማለት። የሰፈሩ ልጅ ሞላው መስመር ስላለፈ ተራው ተቃጥሏል አለ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ አንተ ፍረድ።»

«ሴቦ፣ አንተ ንገረው።»

ተመራማሪ ናሙናው ጉዳይ ውስጥ እንደማይገባ አስረዳሁ። ናሙናዎቹ አልተደሰቱም። ጨዋታው ቆመ፤ ሁሉም፣ ጥናቱን የሚያካሂደውም ሰው ጭምር፣ ሣር ውስጥ በአራት እግሩ ሞላ ይፈልግ ጀመር። ብይዋ የቆመችበት ቀረች፤ የጠየቃትም የለም። በኋላ ሲጫወቱ የሰፈሩ ልጅ በአውራ ጣቱ፣ ያለ ፕላስቲክ፣ ያለ ጃፓን፣ ያለ ወርክሾፕ፣ የእኛውን ልጅ ብይ አንድ በአንድ በላት።

«ተበላህ እኮ» አልኩት።

«እኔ አልተበላሁም» አለኝ፣ ማስፈንጠሪያውን አገላብጦ እያየ። «ሞላው ነው።»

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ይህ ነው። ሞላ ለብይ ኃይል አይጨምርም፤ ኃይሉ የጣት እንደሆነ አካሉን ስንመረምር አይተናል። ሞላ የሚጨምረው ሰበብ ነው። በጣቱ የሚተኩስ ልጅ ሲሸነፍ የሚያመካኝበት የለውም፤ ጣቱን ሊፈታው፣ ሊነፋበት፣ «ነገ አሠራዋለሁ» ሊለው አይችልም። ባለ ማስፈንጠሪያው ግን በሽንፈቱና በራሱ መካከል አንዲት ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ አስቀምጧል። መጫወቻው ሲሰበር የማይጣለውም ለዚህ ነው። ሞላው ከጠፋ ወዲህ እንዲያውም ዋጋው ጨምሯል፤ የሌለ ነገር ለከሳሹ መልስ አይሰጥምና።

ይህን ለልጅነት የሚተው ሰው ባንክ ቤት ገብቶ አያውቅም። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው «ሲስተም የለም» ሲል ድምፁን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ዕድሜ የጨመረበት «ሞላው ነው» ነው። ሾፌሩ ፍሬን ነው ይላል፣ ዘፋኙ ማይክ ነው ይላል፣ እኛም ካምፓላ ከመጣን ወዲህ ያልተሳካልንን ሁሉ ወረቀት ነው እንላለን። አንዳንዱ እውነት ነው። ወረቀት በእርግጥም ያግዳል፣ ሲስተምም በእርግጥ ይወድቃል፣ ሞላውም በእርግጥ ሣር ውስጥ ነው። ልጁ አልዋሸም። አውራ ጣቱን ብቻ ከታሪኩ አውጥቶታል።

ምድብ አራት፣ ሁለት ብይ በአንዴ የሚጎርሱ ማስፈንጠሪያዎችን የሚመለከት ነው፤ ስድስት ንዑስ ዝርያ አላቸው። ምድብ አምስት ባለ ጎማዎቹ ናቸው። ለሁለቱም ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ነበር። ሠንጠረዡን ለማስመር ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ አናቷን ጠቅ አደረግኩ። ወረቀቱን ስትነካ ተመልሳ ገባች። ልጁ እኔ ጋ የዋለው ለጥናቱ ሲል መስሎኝ ነበር። የቀረውን የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ እርሳሱም መቅረጫ ይፈልጋል፣ መቅረጫውን ደግሞ ምላጩን ፈልገው ፈትተውታል። ስለዚህ ምድብ አራትና አምስት ይቅሩ። የምመራመርበት መሣሪያ ነው ያስቸገረኝ።